ቁራጭ ቦታ ሲያገኝ

የወረቀት፣ የመቀስና የሙጫ ጥበብ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ወረቀቱ ከግድግዳው የተነሣው እንደ እንጀራ ነው። የወንድሜ ልጅ ለመደርደሪያ የሚሆን ምስማር ስትመታ ጭቃው ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ጣቷን አስገብታ ሳብ ስታደርገው ልጥፉ ተገሽልጦ እጇ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲረጋ ጠርዙን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። አንድ ወረቀት አይደለም፤ ሰባት ነው። ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ፣ በመካከሉ የመጽሔት ሽፋን፣ ከሁሉም ሥር ቀለሙ የለቀቀ የቀን መቁጠሪያ።

«አክስቴ፣ ልጣለው?» አለችኝ።

«ተይው!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ደንገጥ ብላ አየችኝ።

ቤቱ ያለው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። እናቴ ዘመን መለወጫ በመጣ ቁጥር ይህን ግድግዳ ታድሰው ነበር። ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ታበጃለች፤ ግድግዳውን በጨርቅ ትቀባና ጋዜጣውን ከላይ ወደ ታች እየዳበሰች ትለጥፋለች። አሮጌው አይነሣም፤ አዲሱ በላዩ ይተኛል። እኔ ፊደል የለየሁት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፍ ስለነበር ተዘቅዝቆ ማንበብንም እዚያው ለመድኩ።

ለቡና የመጡት ጎረቤታችን የወደቀውን ልጥፍ ጭናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ «ይሄን እናትሽ ስትለጥፍ ሙጫውን ያማሰልኩላት እኔ ነኝ።» እናቴ ካረፈች ቆይታለች። የእሷና የጎረቤቷ የአንድ ቀን ሥራ ግን በእጃችን ላይ ነበር፤ የመዳፍ ዳሰሳው መስመር በደረቀው ሙጫ ላይ ሳይቀር ይታያል።

እኔ 31 ዓመት የሠራሁት የጋዜጣና የመጽሔት ገጽ ቅንብር ነው። ሙያውን ስጀምር ኮምፒዩተር አልነበረም። ጽሑፉ በረጅም ወረቀት ታትሞ ይመጣልናል፤ እኛ በምላጭ እየቆረጥን፣ በማስመሪያ እየለካን፣ በገጹ ልክ በተዘጋጀ ወፍራም ወረቀት ላይ እንለጥፋለን። ለፎቶግራፉ ቦታ እንተዋለን። አንድ መስመር ከታረመ ያቺኑ መስመር ቆርጠን እናነሣና አዲሷን በፒንሳ እናስገባለን። የተለጠፈው ገጽ በትልቅ ካሜራ ይነሣል፤ ከፊልሙ ወደ ማተሚያው ሳህን ያልፋል። አንባቢ የሚያየው ንጹሕ ገጽ ሥሩ የቁርጥራጭ ክምር ነበር። ያንን የምናውቀው የለጠፍነው ብቻ ነን።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። «መቁረጥ» እና «መለጠፍ» የሚሉት ቃላት በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ቀሩ፤ መቀሱና ሙጫው ከጠረጴዛው ተነሡ። ሥራው ፈጠነ፣ ጸዳም፤ አልጠላሁትም። ጡረታ ስወጣ ግን የናፈቀኝ ፍጥነቱ አልነበረም። ወረቀት ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ለዚህ ነው የእናቴ ግድግዳ የተገሸለጠ ዕለት ማታ መቀስ ያነሣሁት።

ይህ ሥራ በዓለም የሥነ ጥበብ መዝገብ ኮላዥ ይባላል፤ ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ ትርጉሙም መለጠፍ ማለት ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1912 ፓሪስ ውስጥ ነው። ፓብሎ ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የጠረጴዛ ልባስ ቆርጦ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፤ ዦርዥ ብራክም በዚያው ዓመት የእንጨት መልክ ያለው የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ከከሰል ንድፉ ጋር አዋሐደ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል ማለት በቀለም የሚቀባ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከመንገድ የተነሣ ወረቀትም የሥዕል አካል ሆነ።

መለጠፉ ራሱ ግን በእኛ አገር ከ1912 በጣም ይቀድማል። የብዙ አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕል በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ አይደለም። ሠዓሊው በጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥላል፤ ጨርቁ በልኩ ይቆረጥና በግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የጨርቁን መጋጠሚያ ሊያገኝ ይችላል። ብራናውም እንዲሁ ነው። ቆዳው ሲፋቅና ሲወጠር የተቀደደች ቀዳዳ ካለች ፋቂው ብራናውን አይጥለውም፤ ይሰፋታል፤ ጸሐፊው ደግሞ ፊደሉን ስፌቱን እያሳለፈ ይጽፋል። የክታቡ ብራና ጠባብ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ በቁራጭ እየተሰፋ የባለቤቱን ቁመት ያህል እንዲረዝም ይደረጋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ ቁራጭ ነገር ጎደሎ ነው ተብሎ አይጣልም፣ የሚገባው ቦታ ይፈለግለታል።

ይህን ለማሰብ ሐይቅ ላይ ከመቀመጥ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከከተማው ወደ ሐይቁ ስወርድ ማለዳ ነበር። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ውሃ በጉም ተሸፍኖ ዳርቻው ላይ ቄጠማው ብቻ ይታያል። ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። ገዳሙ ለሴት አይፈቀድም። በልጅነቴም እናቴ እስከ መግቢያው አድርሳን፣ ወንድሜን ከአባቴ ጋር ሰድዳ፣ እኔን ይዛ ውሃው ዳር ትቀመጥ ነበር። አሁንም እዚያው ተቀመጥኩ።

ከውሃው ማዶ ያለውን አውቀዋለሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ13ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን ዳግም ሲያቀኑ የጸሎት ቤት ብቻ አላቆሙም፤ የመጻሕፍትና የትምህርት ቤት አቁመዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታውያን የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል መጻሕፍት አንዱ ነው። በውስጡ የራሳቸው ሥዕል አለ። እኔን ከሥዕሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከእሳቸው በኋላ የሆነው ነው። ተከታዮቹ ትውልዶች በባዶ የቀሩትን ገጾች እየፈለጉ የገዳሙን ንብረት ዝርዝርና ማስታወሻ ጽፈውባቸዋል። መጽሐፉ አንድ ቀን አልቆ የተዘጋ አይደለም። ዘመን በዘመን ላይ የተደረበበት ነው፤ ልክ እንደ እናቴ ግድግዳ።

እንግዲህ ዘመናዊዎቹ ሠዓሊዎቻችን ወረቀትና ቁራጭ ሲያነሡ ከባዶ አልተነሡም። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» ዛሬ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሥዕሉ ያረፈው በተወጠረ ሸራ ላይ አይደለም፤ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። እስክንድር በኋላም በዛፍ ቅርፊት ላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከማረፉ ሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር «ኔክሰስ» የተባለውን የአልሙኒየም ሥራ ለዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አበርክቷል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን እየደረደሩ፣ የክታቡን ዓይንና ምልክት በላያቸው እየሣሉ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ አንደኛ ሽልማት አግኝተዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ኤልያስ ስሜ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ከዚያ የሚያመጣው አሮጌ ቁልፍ፣ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው። ሽቦውን እንደ ጥልፍ ይፈትላል፣ ያጠላልፋል፣ በሰሌዳ ላይ ያያይዛል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ሲጠጉት የሰው እጅ የነካው የመገናኛ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። እሱና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ የገነቡት ዞማ ሙዚየምም ተራ ነገር ቦታ አለው የሚለውን ያንኑ እምነት በቤት ቁመት ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። መለጠፍ በማንኛውም ዕድሜ ይሠራል። ሆኖም ረጅም ዘመን ከሠራ ሰው ጋር የተለየ ዝምድና አለው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ ስሙ ዓለምን ከሞላ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና አደረገ። 71 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ረዳቶቹ ቀለም የቀቡለትን ወረቀት በመቀስ ይቆርጥ ጀመር። በ1947 የታተመው «ጃዝ» ከዚህ የወጣ ነው፤ በ1951 የተጠናቀቀው የቫንስ ጸሎት ቤት ባለ ቀለም መስታወትም መጀመሪያ የተነደፈው በተቆረጠ ወረቀት ነበር። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ ከማቲስ 170 ዓመት ያህል ቀደም ብላ፣ በ72 ዓመቷ፣ ባሏ ከሞተባት በኋላ የአበባ ቅርጾችን ከባለ ቀለም ወረቀት እየቆረጠች በጥቁር ወረቀት ላይ መለጠፍ ጀመረች። ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ባሉት ዐሥር ዓመታት አንድ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ሥራ ሠርታለች፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። አሜሪካዊው ሮማሬ ቢርደንም ዛሬ የሚታወቅባቸውን ኮላዦች መሥራት የጀመረው ከኀምሳ ዓመቱ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ቀለም ሲቀባ ከኖረ በኋላ ነው።

ለምን? እኔ ከራሴ ጠረጴዛ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ወጣት ሳለን መሥራት ማለት የሌለውን ማምጣት ይመስለናል። ዕድሜ ሲገፋ ያለው ራሱ ብዙ ይሆናል፤ የቀሩ ሥራዎች፣ ደብዳቤዎች፣ የሞቱ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ፣ ያልታተሙ ገጾች። ሰው በዚህ ጊዜ የሚጎድለው ቁሳቁስ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ኮላዥ ደግሞ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። የትኛው ከየትኛው ጎን ይቀመጥ? የቱ ይሸፈን? የቱ ጠርዙ ብቻ ይታይ? ይህን ለመወሰን ፈጣን እጅ አያስፈልግም። ሲመርጥ የኖረ ዓይን ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራ ትርፍ ነው።

በእጅ ሲሠራ ወረቀት የራሱ ጠባይ እንዳለው ይታወቃል። ጋዜጣን ከላይ ወደ ታች ብትቀዱት ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ወደ ጎን ብትቀዱት ይንሻፈፋል። ምክንያቱ ወረቀቱ ሲሠራ የእንጨቱ ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛታቸው ነው። ያው ወረቀት ሙጫ ሲነካው በጭረቶቹ ጎን በኩል ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የልጅነታችን ግድግዳ ላይ የነበረው መጨማደድ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ሙጫ የተቀባ ወረቀት ወዲያው አይለጠፍም፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ካርቶኑ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎብጥም በጀርባው ሌላ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ሁለቱ ወገን እኩል ይሳሳባሉ።

ሙጫው የእናቴው ነው፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ። አሮጌ መጻሕፍት የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከስንዴ የሚወጣ ንጹሕ ስታርች የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው፤ ነገ ስሕተት ከተገኘ በውሃ ረጥቦ ይነሣል። ነፍሳት ይወዱታልና በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። የጋዜጣ ወረቀት ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ለዚህ የጋዜጣ ቁራጭ ያለበትን ሥራ ከፀሐይ አርቃለሁ፤ ለመደብ ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት እጠቀማለሁ። ከረጢቱ ጭረቱ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ መልኩም የወሎን አፈር ያስታውሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ በመኪና ወደ አምባሰል ወጣሁ። መንገዱ ውጫሌ ያደርሳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ በተፈረመው የኢትዮጵያና የጣሊያን ውል በአማርኛውና በጣሊያንኛው መካከል በአንቀጽ 17 አንድ ግሥ ተለያየ፤ አማርኛው «ይችላሉ» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ያ ልዩነት ዐድዋ አደረሰ። ወረቀት ለሚቆርጥና ለሚያዛውር ሰው ይህ ከባድ ትምህርት ነው። የአንድ ቃል ቦታ የአገርን ዕጣ ይለውጣል። የሰውን ፎቶግራፍ፣ የሰውን ደብዳቤ፣ የሰውን ስም የሚቆርጥ እጅ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። እኔ የሟቾችን ፎቶግራፍ አልቆርጥም፤ ቅጂውን አሠርቼ ቅጂውን እቆርጣለሁ።

ከፍታው ላይ ግሸን ማርያም አለች፤ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ። በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝቡ ወደዚያ የሚጎርፈው በትውፊቱ መሠረት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እዚያ ስላረፈ ነው። ግማድ ማለት ቁራጭ፣ ክፋይ ማለት ነው። ምእመኑ ለክፋዩ የሚሰግደው ሙሉውን ስለሚያይበት ነው። ወሎ ይህን ለብዙ መቶ ዓመታት ያውቃል።

ዜማውም ያውቃል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ መሬት ነው። አምባሰል አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ማሪቱ ለገሠ በእነዚያ አምስት ድምፆች ስታዜም የሰማ ሰው ጎደለ የሚለው ነገር የለም። ጥቂት ነገር በትክክለኛ ቦታው ሲቀመጥ ይበቃል።

ከአምባሰል ስመለስ የእናቴን ልጥፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እርጥብ ጨርቅ በጠርዙ አሳርፌ ጠበቅኩ፤ ሰባቱ ድርብ አንድ በአንድ ተላቀቁ። የወንድሜ ልጅ እያንዳንዱን ፎቶ አነሣች፣ የተጻፈውን ቀን መዘገበች። የጠፋውን ጥግ በከረጢት ወረቀት ሞላሁ። የእናቴ መዳፍ መስመር ያለበትን ቁራጭ ግን አልቆረጥኩትም፤ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ተቀመጠ። ጎረቤታችን መጥተው አዩት። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እዚህ ጋ ሙጫው ቀጥኖብን ነበር» አሉ፤ በጣታቸው እያሳዩኝ። በጀርባው ላይ የእናቴን ስምና የእሳቸውን ስም ጻፍኩ።

በዚህ ዘመን ቤት ያላቸው ሁሉ ግድግዳቸውን በብሎኬትና በቀለም እየለወጡ ነው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ በፈረሰ ቁጥር የእናቶቻችን ሥራ ከአፈር ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቤታችሁን ከማፍረሳችሁ በፊት የግድግዳውን ጠርዝ እዩ። ድርብርብ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሱት፣ ቀስ ብላችሁ አንሡት፣ ፎቶ አንሡት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ሙጫውን ያማሰሉት በሕይወት ካሉ ጠይቋቸው። ዕድሜ ልካችሁን በቀለም፣ በፊደል፣ በጥልፍ ወይም በፎቶግራፍ ሠርታችሁ እጃችሁ ያረፈም መቀስ አንሡ፤ ቁሳቁሱ በየመሳቢያችሁ ውስጥ አለ። ሥራው ሲያልቅም ጀርባውን አትርሱት፤ ማን እንደለጠፈው ጻፉበት።